ወደ መስኩ የሚከፈተው በር

ሰሞኑን ከመነኸሪያው ጀርባ ባለው ብየዳ ቤት በኩል ሳልፍ የአንቲራስት ሽታ አቆመኝ። ቀዩን፣ ብረት እንዳይዝግ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ማለቴ ነው። ሌላው ሰው ሽታ ሲያገኘው የእናቱ ጓዳ ወይም የሠርጉ ቀን ትዝ ይለዋል፤ እኔን ትዝ ያለኝ የቤት ሥራ ማህበራችን መተዳደሪያ ደንብ ነው። ማታ ለልጄ ይህንኑ ብነግራት፣ «አባዬ፣ ጡረታ ወጥተህም ስብሰባ አልለቀቀህም» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ግን ያ ደንብ እንደ ሌላው ደንብ አልነበረም። በቤት ሥራ ማህበር ደንብ ላይ ቄስ ጠርቶ ያስገዘተ ሌላ ማህበር በአገሩ ይኑር አይኑር አላውቅም። እኛ ግን አስገዝተናል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ስንት እንደሆኑ አሁን አልቆጥርም። የማልረሳው ዋጋውን ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ስሙኒውን የከፈለ ሰው ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ተነስ የሚለው አልነበረም። አንድ ቆርቆሮ ከሠላሳ ብር እምብዛም አይርቅም፤ የምንርቀው እኛ ነበርን። እኔ አንዲት የቴትሮን ሱሪ ነበረችኝ፣ ጉልበቷ ያብለጨለጨ። እሷን ለብሼ ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ለቤቴ ግድግዳ ጭቃ አስረግጣለሁ። ክረምት ሲገባ ከተማው በሙሉ ቦቲ ይጫማል፤ መምህሩም፣ ዳኛውም፣ ነጋዴውም፤ በእግሩ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ወደ ገበያው በሚወርደው ማዕዘን ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ አንዱን የመሰንቆ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል። ካሴቱ መሀሉ ላይ ተጎድቶ ስለነበር ዘፋኙ የልጅቱን ወገብ ማመስገን ሲጀምር ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል። ዛሬ ያንን ዘፈን ልጄ በስልኳ ጥርት አድርጋ ታሰማኛለች፤ እኔ ግን እዚያ ቦታ ሲደርስ አሁን ይጎተታል እያልኩ እጠብቃለሁ፣ ሳይጎተት ሲያልፍ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ማህበሩን ያቋቋምነው መምህራን፣ ነርሶች፣ የቢሮ ሠራተኞችና ሰይድ የሚባል አንድ ልብስ ሰፊ ሆነን ነው። ከከተማው ጫፍ ቦታ ተሰጠን። መሀሉ ላይ ክረምት ከበጋ ለምለም የሆነ መስክ ስለነበር ቤቶቹን ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ሠራናቸው፤ የሁሉም ፊት ወደየመንገዱ፣ የሁሉም ጀርባ ወደ መስኩ። መስኩ የማንም አልነበረም፣ የሁላችንም ነበር። መግቢያውም ከረድፉ ጫፍ ያለችው ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነበረች። ሰብሳቢያችን ጋሽ አንማው ይባሉ ነበር። ፍርድ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙ ሰው ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ በተማሪዎች ዴስክ ላይ ጉልበታችን አልገባ እያለ ተቀምጠን ደንብ እናወጣለን። ጠላ መሸጫ ጣሳ በሩ ላይ የሚሰቅል እንዳይኖር፤ ባህር ዛፍ አጥር ሥር የሚተክል እንዳይኖር፤ ውሻ ያለው ቀን ቀን እንዲያስር። በውሻው አንቀጽ ላይ ብቻ ሁለት እሑድ ፈጀን።

ጋሽ አንማው ዓይናቸውን የገለጡት የጀርባው አጥር ላይ ስንደርስ ነው። «ማንም ሰው ወደ መስኩ በር አይክፈት» አሉ።

«ለምን?» አለ አንዱ። «በገዛ አጥሬ?»

«ጀርባውን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ላሙን ያወጣል። ቀጥሎ ኩበቱን ይከምራል። ኩበቱ እንዳይሰረቅበት እሾህ ያጥራል። ከዚያ ይሄ የያዝኩት ነው ብሎ እኛ ዘንድ ይመጣል። ፋይሉን የምሸከመው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የከፈተውን እንከሰዋለና።»

ጋሽ አንማው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ፍርድ ቤት? እኔ እዚያ አይደል የምውለው! አያት በጀመረው ክስ የልጅ ልጅ በቀጠሮ ሲመላለስ አይቻለሁ። የእኛ ሰው ከሕግ ጋር ሲከራከር ይኖራል፤ ከግዝት ጋር ግን አይከራከርም። ቄስ መኩሪያን ጠርተን እናስገዝተው።»

ከሕግ ቤት የመጣ ሰው ይህንን ሲል የተቃወመ አልነበረም። እንዲያውም ደስ ብሎን ተነሳን። በሚቀጥለው እሑድ ሁላችንም ጫማችን በሣሩ ውሃ እየራሰ መስኩ ላይ ቆምን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው፣ የጋሽ አንማው ሚስት እትዬ የሻረግ ለበረከቱ ድፎ ዳቦ ተሸክመው። ቄስ መኩሪያ የብዙዎቻችን የንስሐ አባት ነበሩ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ከአጥሩ ወደዚህ መስክ በር የከፈተ፣ ያስከፈተ፣ ሲከፈት አይቶ ዝም ያለ፣ ብለው በሥላሴ ስም ገዘቱ። አሜን አልን። ሰይድ እስላም ስለሆነ ዳር ቆሞ ነበር፤ «እኔን ግዝቱ አይመለከተኝም፣ ጎረቤቶቼ ግን ይመለከቱኛል» አለና አሳቀን። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ። ቄሱ እንግዲህ የታሰረ የሚፈታው ባሰረው ነው፣ አደራ፣ ብለውን በእግራቸው ሄዱ። ያኔ ይህንን ነገር ልብ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በር የመክፈት ሐሳብ ያለው ሰው ስላልነበረ።

ግዝቱ ሠራ፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ዙሪያችን ያሉት ሠፈሮች ባዶ ቦታቸውን አንድ በአንድ ሲበሉት የእኛ መስክ ስንዝር አልጎደለም። ደመራውን እዚያ እንለኩሳለን። የፋሲካን በሬ እዚያ አርደን ለቅርጫ እናከፋፍላለን፤ የማን መደብ ላይ ጉበቱ አነሰ እየተባለ የሚደረገው ጭቅጭቅ የበዓሉ ግማሽ ነው። ሠርግም ለቅሶም ድንኳኑ እዚያ ይተከላል። የአንዷ ነርስ ልጅ ያገባች ጊዜ የሙሽራው ሚዜዎች ያ ሰፊ የኮት ትከሻ የነበረበት ጊዜ ስለነበር በዚያች ቀጭን መተላለፊያ በጎን ነበር የገቡት። አንዱ እንግዳ፣ «ይሄ ሁሉ ቤት ጀርባውን ሰጥቶት እንዴት አንድ በር የለውም?» ቢል፣ አጠገቡ የተቀመጠችው አሮጊት፣ «ኧረ ዝም በል ልጄ፣ በድግስ ቀን» አለችው።

ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ ባጃጁ መጣ፣ የሻይ ዋጋም ስሙኒን ረሳት። ኮብልስቶን የሚነጠፍበት ዘመን ደረሰና በላይኛው ረድፍ ፊት ያለው መንገድ ተቆፍሮ ወረደ። መንገዱ ሲወርድ የእነ ጋሽ አንማው በር ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁሉም የሲሚንቶ ደረጃ ሠራ፤ የእነሱ ደረጃ ከሁሉም ቀጥ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት ነው ጋሽ አንማው ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ብለው የወደቁት። ግራ ጎናቸው ከዳቸው። ወንዱ ልጃቸው ከባሕር ዳር ዊልቸር ላከ። ዊልቸሩ ግን ያንን ደረጃ ሊወርድ አይችልም። እሳቸው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ለማውረድ አራት ጎረምሳ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ተሸክመናቸው ስንመለስ፣ «ሁለተኛ እንዳትነኩኝ። እኔን ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ነው፤ እሱን ጠብቁ» አሉ።

ከጀርባ በኩል ከጓዳው እስከ አጥሩ ሜዳ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ መስኩ። መሀል ላይ ያለው የድንጋዩ አጥር ብቻ ነው። ጋሽ አንማው ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን አጥር እያዩ ተቀመጡ። ፀሐይ እንኳ ወደዚያች ጓሮ ለምሳ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር የምትገባው። መስኩን አያዩትም፣ ይሰሙታል። ቅርጫ ስናከፋፍል ከአጥሩ ጀርባ ድምፃቸው ይመጣል፦ «ሳንባው ለሁለት ይከፈል! ባለፈው ለታች ረድፍ ነው የደረሰው!» ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ለመዱት። እኔ እሑድ እሑድ ስጠይቃቸው ፊታቸው እየገረጣ፣ እስከ አንገት ይቆለፍ የነበረው ኮታቸው ከላይ ወደ ታች ሳይቆለፍ እየቀረ ሲሄድ አያለሁ። እትዬ የሻረግ ሲሸኙኝ በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ሰው በበሽታው አይደለም የሚሞትብኝ፣ በዚህ አጥር ነው» አሉኝ።

እትዬ የሻረግ ጭምት ወይዘሮ ይመስላሉ እንጂ ቆራጥ ናቸው። አንድ ቀን ማንንም ሳያማክሩ ብየዳ ቤት ሄደው ለዊልቸር የሚሆን በር አዘዙ። በሩ ቀይ አንቲራስት ተቀብቶ፣ ገና ሳይደርቅ በጋሪ መጥቶ ጓሮው ውስጥ ተደገፈ። ሽታው ሠፈሩን ሞላው። ሠፈሩም ስብሰባ ይጠራ አለ።

ያኔ ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። ጉባኤውን መስኩ ላይ፣ እዚያው አጥር ሥር አደረግነው። ደንቡ ይሻሻል፣ ጋሽ አንማው በር ይክፈቱ የምትሉ ስል እጁን ያላወጣ አንድ ሰው አልነበረም፤ አንዳንዱ ሁለቱንም አወጣ። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ዶማ የሚይዙ ሁለት ሰዎች» ስል ሁሉም መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። አንዱ ወገቡን አመመው። ሌላው ነገ ገጠር ሄያጅ ነው። የቀን ሠራተኞችም ቀደም ብለው እትዬ የሻረግ ዘንድ መጥተው ዋጋ ተስማምተው፣ ነገሩን ከጎረቤት ሲሰሙ ኧረ ምን አግብቶን ብለው ሄደዋል። ድምፁ ለሰብሳቢው ነው፣ ግዝቱ ግን ለእግዚአብሔር ነው። እኔም ራሴ ዶማ ላንሳ አላልኩም፤ ማንም ከእኔ አልጠበቀም።

ሰይድ ተነሳ። «እኔን አይዘኝም ብያችሁ አልነበር? ዶማውን አምጡ፣ እኔ እቆፍረዋለሁ።»

ይሄኔ ከአጥሩ ጀርባ ያ ድምፅ መጣ። «ሰይድ! ተው! አንተን ባይዝህ እኔን ይይዘኛል። ያስገዘትኩት እኔ ነኝ!»

ስብሰባው ተበተነ። የቀረው መንገድ ቄስ መኩሪያን መፈለግ ነበር። እሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ መርጡለ ማርያም ገብተው ነበር፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም። እኔና እትዬ የሻረግ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። ጉንደ ወይን ላይ ወርደን ሌላ መኪና ስንጠብቅ እትዬ የሻረግ ከጉያቸው ቆሎ አውጥተው ሰጡኝ፤ ራሳቸው አልቀመሱም። «ሞተው ቢሆንስ?» አሉኝ። «ሞተው ከሆነ እሱም ሞተ ማለት ነው።» እኔ ቆሎውን እየቆረጠምኩ የገበያውን ሰው አየሁ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ከአንድ ነጋዴ ጋር በበግ ዋጋ ሲከራከር ውሏል፤ መኪናችን ሲመጣም አልተስማሙም ነበር።

ቄስ መኩሪያን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። እትዬ የሻረግ እግራቸው ሥር ወድቀው ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው። ቄሱ ጨርሰው ሰሙና፣ «የትኛው መስክ?» አሉ።

«ደብረ ማርቆስ፣ አባ። ማህበሩ። በር እንዳይከፈት ብለው የገዘቱት።»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላስታውስም ልጄ። እኔ ስንት ድንበር፣ ስንት ግጦሽ፣ ስንት የተጣላ ወንድማማች ገዝቻለሁ። እናንተ ይዛችሁት ኖራችኋል እንጂ ከእኔ ዘንድ የለም።»

ያንን ሲሉ የተሰማኝን በደንብ አስታውሳለሁ፤ መሳቅ ነበር የፈለግሁት። አንድ ሠፈር ሙሉ ሲፈራው የኖረውን ነገር ባለቤቱ በዚያው ዕለት ዳቦውን በልተው ሳይረሱት አይቀሩም። እትዬ የሻረግ ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ይፍቱታ!» አሉ።

«ያስገዘተኝ ሰው ይጠይቀኝ» አሉ ቄሱ። «እሱ በአፉ ይበለኝ። መምጣት ካልቻለ እኔ እመጣለሁ።» ማታውን ቤታቸው አሳድረውን፣ በማግስቱ በዚያ ዕድሜያቸው መቋሚያቸውን ይዘው ከእኛ ጋር መኪና ላይ ወጡ።

ጋሽ አንማው ቄሱን ሲያዩ በሚሠራው እጃቸው ኮታቸውን ሊቆልፉ ሞከሩ። ቄሱ መስቀል አሳለሟቸውና አጠገባቸው ተቀመጡ። «ይፈታ ትላለህ?»

ጋሽ አንማው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ከመስኩ የልጆች ኳስ ድምፅ ይሰማል። በመጨረሻ፣ «አባ፣ ለእኔ ከተፈታ ለሁሉም ተፈታ ማለት ነው። ለሁሉም ከተፈታ መስኩ አለቀ» አሉ።

እትዬ የሻረግ በዚያን ሁሉ ዓመት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሣር እኮ ነው አንማው! ሣር ነው! ሁለት ዓመት ድንጋይ እያየህ፣ እኔ አንተን እያየሁ… ሣሩ በለጠብህ?»

ጋሽ አንማው ሚስታቸውን አዩ። እትዬ የሻረግ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ። «ለእኔ ብቻ ይፍቱልኝ። ለሌላው እንደታሰረ ይሁን። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ስወጣበት ደግሞ ይዘጋ።» ቀጥለውም ወደ ሚስታቸው፣ «ትዘጊዋለሽ። ሰማሽ?» አሉ። እትዬ የሻረግ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄሱ ተነሥተው ጸለዩ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉ።

ያን ዕለት ዶማ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ወገቡን ያመመውም ገጠር ሄያጅ የነበረውም መጡ። ድንጋዩ ፈርሶ ቀዩ በር ቆመ። ጎረቤት አረንጓዴ ቀለም ሊያመጣ ሲል ጋሽ አንማው፣ «የሚቆይ ነገር አይደለም፣ ቀለም አታባክኑ» አሉ። ዊልቸሩን እኔ ነበርኩ የገፋሁት። መስኩ ላይ ስንደርስ አስቆሙኝና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። እትዬ የሻረግ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ጋሽ አንማው ዓይናቸውን ገልጠው የሠፈሩን የጀርባ አጥር ከዳር እስከ ዳር ቃኙና፣ «ያ የማን አጥር ነው? ክንድ ያህል ወደዚህ ገፍቷል» አሉ። ገፍቶም ነበር። በሳምንቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት በጋዎች ጠዋት ጠዋት መስኩ ላይ ይውላሉ። እሳቸው እዚያ ተቀምጠው እያሉ ሌላ በር ልክፈት ያለ የለም። ያረፉት ከጥምቀት በኋላ ነው። አስከሬናቸው በዚያው በር ወጣ። ከአርባቸው በኋላ እትዬ የሻረግ ግንበኛ ጠርተው በሩን አስነቀሉና በድንጋይ ደፈኑት። ቄስ መኩሪያም በዚያው ዓመት ማረፋቸውን ሰማን።

ከዚያ የሆነው ጋሽ አንማው እንዳሉት ነው፤ የተለወጠው ላሟ ብቻ ናት። የመጀመሪያውን በር የከፈተው የአንዱ አባል ልጅ ነው፣ ባጃጁን የሚያስገባበት። ለሟቹ ተፈትቶ አልነበር ወይ አለ። ቀጥሎ አሸዋ የከመረ መጣ። አሸዋው እንዳይሰረቅበት ቆርቆሮ አጠረ። ዛሬ ከመስኩ የቀረው ለአንድ ድንኳን የሚበቃ ነው። በር የሌለው ቤት የለም፤ የእኔም ቤት አለው፤ ልጄ አስከፍታዋለች፣ እኔም እወጣበታለሁ። በሁለቱም ረድፍ ደፍን ሆኖ የቀረው የእነ ጋሽ አንማው አጥር ብቻ ነው። የተደፈነበት ቦታ ድንጋዩ ከሌላው ነጣ ስለሚል ከሩቅ ይለያል። ቀዩ በር የእትዬ የሻረግ ዶሮ ቤት ላይ ተገጥሟል።

አንቲራስቱ በሸተተኝ ሳምንት ሠፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ከእትዬ የሻረግ አጥር ጀርባ ነው፤ ጓሯቸው ውስጥ ሆነው የለቀስተኛውን ወሬ መስማት ይችላሉ። እኔ ግን ልወስዳቸው በፊት ለፊት ሄድኩ። በትር ይዘው ከደረጃው ራስ ላይ ቆመዋል። ጉልበታቸው ከዓመት ወደ ዓመት እምቢ እያለ ነው።

«እትዬ፣ ይህንን ደረጃ ከሚወርዱ በጀርባ ቢያስከፍቱትስ?» አልኳቸው። «አሁን ማን ያልከፈተ አለ?»

«ደረጃውስ ይገድለኛል» አሉ። በትሩን ወደ መጀመሪያው ደረጃ አወረዱ። «ግን አንማው ለራሱ ብቻ ነው ያስፈታው መምህር። ለእኔ አላስፈታልኝም።»

ቅሬታ ይሁን ኩራት ከፊታቸው ላይ ላነብ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። «በል ክንድህን ስጠኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። አንድ ደረጃ ወርደን እያረፍን፣ ከዚያ በኮብልስቶኑ ዞረን፣ በመተላለፊያዋ በኩል ገባን። እዚያ ስንደርስ ጸሎቱ አልቆ ሰው መበተን ጀምሮ ነበር።